አራሷን ጠይቃችሁ ስትወጡ

ልጄ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ይህን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደተውኩት አላውቅም። ዛሬ የምጨርሰው ባለፈው ሳምንት የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚስት ስለወለደች ነው። ቢሮ ሲገባ ሁላችንም ተነስተን አቀፍነው፣ «እንኳን ደስ አለህ» አልነው፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ያልተከፈተ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ቀረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ከዓመት በፊት የእኔ ፊት ነበር።

የምጽፈው ስለ ባሎች ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ስለሆነችበት፣ ሚስቱ አራስ ስለሆነችበት ወንድ። እናትየዋ ላይ የሚደርሰውን ላሳንስ አይደለም። ሞት አፋፍ ደርሳ የተመለሰችው እሷ ናት፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁት ነገር ግን እኔም ላይ የሆነ ነገር አድርጎ አለፈ፤ እኔም አልተናገርኩም፣ የጠየቀኝም አልነበረም።

እኔ አንድ የቡና መቀሸሪያ ውስጥ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ጅማ ለሚኖር ሰው ጥቅምት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። እሸቱ ይቀላል፣ ለቀማው ይጀመራል፣ ቀጥሎ ጀንፈሉ በጆንያ በጆንያ ይገባል፣ እስከ ጥር ድረስ ሚዛኑ አያርፍም፣ ቡናውን ያስረከበ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ዛሬውኑ ይፈልጋል። ልጄ የተወለደችው እዚያ መሀል ነው።

ባለቤቴ ምጥ የያዛት ሌሊት ዝናብ ነበር። ባጃጅ ፍለጋ እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ሆስፒታል ስንደርስ እሷ ገባች፣ እኔ በር ላይ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ መላላክ ሆነ፤ ጓንት ግዛ፣ ይህን መድኃኒት ከውጭ ፈልግ፣ ካርድ አውጣ። መሯሯጡን ወድጄው ነበር፣ ቢያንስ እጄ ሥራ አልፈታም። ልጅቷ ንጋት ላይ ተወለደች። ድምፅዋን በበሩ ስንጥቅ ሰማሁት። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ «ደምህ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። በሩ ሲከፈት ወለሉን አየሁት።

በአገራችን በወሊድ ጊዜ እናቶችን ከሚገድሉት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ የደም መፍሰስ ነው። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ኮሪደሩ ላይ የቆምኩት። ሁለት ሰዓት ገደማ ማንም ወጥቶ አንድ ቃል አልነገረኝም። እነሱም ነፍስ እያዳኑ ነበር፣ አልቀየምኩም። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ሚስቴን ቀብሬያለሁ። ልጅቷን ያለ እናት አሳድጌያለሁ። ለእናቷ ቤተሰብ እንዴት እንደምነግራቸው ቃል መርጫለሁ። በኋላ «ተርፋለች» ሲሉኝ እግሬ አልሸከም አለኝና ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ወዲያው ስልክ መደወል ጀመርኩ። «እልል በሉ፣ ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።» ስለ ወለሉ ለማንም አልተናገርኩም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት ደግሞ ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን። የእኔ ሁለቱ ቀን ሆስፒታል አለቀ። ሦስተኛው ቅቤ፣ የገንፎ እህልና ሌላም ሌላም ስገዛ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ አለፈ። በአራተኛው ቀን ሚዛኑ ጋ ነበርኩ።

አማቴ ከአጋሮ መጡ። እግዜር ይስጣቸው፣ ቤቱን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። እሳቸውና ባለቤቴ መኝታ ቤት፣ እኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ። ደንቡም ይኸው ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ከሚስቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ሆነን የተነጋገርንበት ጊዜ ለሁለት ወር ያህል አልነበረም ማለት ይቻላል። ጠያቂ ይመጣል፣ አጥሚት ይቀዳል፣ ገንፎ ይቀርባል። ጎረቤታችን አዴ በየሁለት ቀኑ ወተት ይዘው ብቅ ይላሉ። ለእሷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ወደ እኔ ሲዞሩ «ያሳድግልህ፣ እንግዲህ አባት ሆነሃል፣ በርታ!» ነው።

ይቺ «በርታ» የምትባል ቃል። በቅንነት እንደሚሏት አውቃለሁ፣ እኔም ለስንቱ ብያታለሁ። ግን የደከመው ሰው ሲሰማት ሌላ ነገር ነች። መድከምህን አትናገር ማለት ትሆናለች። በርታ የተባለ ሰው መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ «እሺ»።

አሁን ቀስ ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። እኔ ድብርት ማለት ማዘን ነው ብዬ ነበር የማስበው። አልጋ ውስጥ መተኛት፣ ማልቀስ። እኔ አላለቀስኩም። አላዘንኩም ብል ይቀለኛል። ተናዳጅ ሆንኩ። አጂፕ የሚባለው ሰፈር ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር በአምስት ብር መልስ አንገት ለአንገት ተያይዘን ሰው ገላገለን፤ በዕድሜዬ ከሰው ተደባድቤ የማላውቅ ሰውዬ። ሥራ ቦታ ማታ እስከ ሦስት ሰዓት እቆያለሁ። ሌላው ሰው ሄዶ እኔ የተዘጋ ሒሳብ ደግሜ እደምራለሁ። አለቃዬ ወቀሳ የለውም፣ እንዲያውም «ልጅ ሲወለድ ሰው እንዲህ ይለወጣል» ብሎ በሰው ፊት አመሰገነኝ። ቤት ላለመግባት እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም።

ጫትም አለ። ጅማ ነን፣ እንደባበቅ። በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ካልሆነ አልቅምም ነበር። ያን ሰሞን ቀን በሥራ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ መቃም ጀመርኩ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያነቃ ነገር ነው፣ ስለዚህ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላል። እንቅልፍ ሲመጣም ከዱካክ ጋር ነው። ዱካክ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔ ዱካክ ሁልጊዜ ያ ወለል ነበር። ከእንቅልፌ ስነቃ በጨለማ ተነስቼ መኝታ ቤቱ በር ላይ እቆምና ባለቤቴ መተንፈሷን አዳምጣለሁ። አንዳንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ።

ልጄንስ? አቅፋታለሁ፣ ሰው ሲያይ። ግን ሁሉም እንደሚለው ልቤ ቀልጦ አልፈሰሰም። አያታለሁ፣ የሆነ የሰው ልጅ ናት፣ ታሳዝነኛለች፣ ያ ብቻ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይከብደኛል፤ ዛሬ በሩን ስከፍት እየተንገዳገደች የምትሮጥብኝ ልጅ ናትና።

በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ጥር መግቢያ ላይ ነው። ቤቱ ሞላ። አስተናገድኩ፣ ጠላ ቀዳሁ፣ ሳቅኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ። እናቴ በእንግዳ መሀል ልጅቷን ተቀብላ ሳመቻትና «ግድ የለም፣ ቀጣዩ ወንድ ይሆናል» አለች። ሰው ሳቀ። እኔ ምንም አላልኩም። ያኔ ምንም ነገር ላይ ምንም የምልበት ጉልበት አልነበረኝም። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን አሁን ነው የማስታውሰው፣ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ አማቴ ወደ አጋሮ ተመለሱ። አንድ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ አልተኛም አለች። ባለቤቴ ደክሟት ነበርና «እኔ ልያዛት» አልኩ። ሳሎን ውስጥ ይዣት ወዲያ ወዲህ አልኩ። አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ሻከረ። ውስጤ የሆነ ነገር ተነሳ። ፍራሹ ላይ አስቀመጥኳት። ማስቀመጥ ይባል እንጂ፣ ማስቀመጥ አልነበረም። ምንም አልሆነችም፣ ፍራሽ ነው፣ ከፍታም የለውም። ግን እጆቼን አየኋቸውና ፈራኋቸው። በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከሩቅ ጅብ ይጮኻል። እዚያ ተቀምጬ «እኔ ባልኖር ይሻላቸው ነበር» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያስደነገጠኝ ሐሳቡ መምጣቱ አይደለም፤ ሲመጣ ልክ የሒሳብ ድምር እንደሆነ ሁሉ በእርጋታ መምጣቱ ነው።

ባለቤቴ ልጅቷን አቅፋ ከኋላዬ መጣች። ዞር ሳልል ሁሉንም ነገርኳት። ወለሉን፣ ሁለቱን ሰዓት፣ እጄን፣ አሁን ያሰብኩትን። ስጨርስ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ያለችኝን እስክሞት አልረሳውም፤

«እኔ እኮ ሴት ስለወለድኩብህ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር።»

ሦስት ወር ሙሉ ያን ተሸክማለች። እኔ «ሆድ ይፍጀው» ብዬ የያዝኩትን ዝምታ እሷ በራሷ ቋንቋ ተርጉማዋለች። ማምሸቴን፣ ልጅቷን በቅጡ አለማቀፌን፣ እናቴ ያን ስትል ዝም ማለቴን፣ አንድ በአንድ ቆጥራ አንድ መልስ ላይ ደርሳለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እዚያው እደርስ ነበር። እሷን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው ያልተናገርኩት። ካስጨነቃት ነገር ሁሉ የከፋው ያ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት «አንተ አሞሃል፣ እንሂድ» አለች። በዚያው ሳምንት ሄድን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ዩኒቨርሲቲውም ባለሙያ ያሠለጥንበታል። ለእኛ ከተማ ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር መሄድ አይጠበቅብንም። እውነቱን ለመናገር ኮሪደሩ ላይ የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ነበር። አንድ የማውቀው ሰው አየሁ። እሱም ኮፍያ አድርጓል።

ባለሙያው «ወንድሜ» ብሎ ጀመረ። ስለ ባለፉት 7 ቀናት የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች አቀረበልኝ። መጠይቁ የኤድንብራ መለኪያ ይባላል። በ1987 እ.ኤ.አ. ጆን ኮክስና ባልደረቦቹ ስኮትላንድ ውስጥ ለወላድ እናቶች ያዘጋጁት ነው፣ በአገራችንም አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ተፈትሿል። በኋላ ለአባቶችም መጠቀም ተጀመረ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ማልቀስ ነው፣ እኔ ዜሮ አገኘሁበት። ታዲያ እኮ ደህና ነኝ አልኩት። ወንዶች እዚያ ጥያቄ ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ፣ ስለዚህ ለአባቶች የሚታይባቸው መነሻ ነጥብ ከእናቶቹ ዝቅ እንደሚል አስረዳኝ። ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ንዴት፣ ከሰው መሸሽ፣ ሥራ ውስጥ መደበቅ፣ መጠጥ ወይም ጫት ማብዛት፣ ራስ ምታትና የደረት መጨናነቅ ነው አለኝ። የራሴን ሦስት ወር እያነበበልኝ መሰለኝ። የወለሉ ነገር ደግሞ ለብቻው ስም አለው፤ የሚወዱት ሰው ሊሞት ሲል በዓይን ማየት ራሱን የቻለ የአእምሮ ቁስል ሊተው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ቁጥር የማምን ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ስለሆነ። በ2010 እ.ኤ.አ. ፖልሰንና ባዜሞር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ከተለያዩ አገሮች 43 ጥናቶችን፣ ከ28,000 በላይ ሰዎችን ሰብስበው አዩ። ከእርግዝናው መጀመሪያ አንስቶ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ከ10 አባቶች አንዱ ገደማ የድብርት ምልክት ነበረበት። ልጁ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ሩብ ይጠጋል። ሦስተኛው ወር ላይ እኮ ጠያቂውም፣ አማቲቱም፣ ወተቱም ሄዷል! እዚያው ጥናት ላይ የአባትና የእናት ድብርት እንደሚያያዝ ተጽፏል። አንዱ ሲታመም ሌላውም የመታመም ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ «መጀመሪያ ለእሷ፣ ለእኔ በኋላ» የሚለው ሒሳብ አይሠራም።

ሌላው እንቅልፍ የነሳኝ የ2005 እ.ኤ.አ. ጥናት ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ራምቻንዳኒና ባልደረቦቹ ያወጡት። እንግሊዝ አገር ልጃቸው 8 ሳምንት ሲሆነው ድብርት የነበረባቸው አባቶች ልጆች ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው የስሜትና የጠባይ ችግር በብዛት ታይቶባቸዋል፤ የእናትየዋ ድብርት ተለይቶ ከተሰላም በኋላ። ይህን አንብቤ ባለሙያው ጋ በድንጋጤ ሄድኩ። «ይህ የግድ የሚደርስ ነገር አይደለም፣ ቶሎ የመጣኸው ለዚሁ ነው» አለኝ። ተረጋጋሁ ማለት አልችልም፣ ግን ቀጠሮዬን አንድም አልቀረሁም።

ምን ረዳኝ? ለእኔ መድኃኒት አልታዘዘልኝም፣ በየሳምንቱ መነጋገር ነበር። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ እሱም እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ትልቁ ነገር እንቅልፍ ነው። ባለቤቴና እኔ ሌሊቱን ተካፈልነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት እሷ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ እኔ። አማቴ ለአንድ ወር ተመልሰው መጡ፣ ይህን ጊዜ ግን ምክንያቱን ነገርናቸው። እፈራ ነበር። «ልጄ፣ የእኔም ባል የመጀመሪያዋ ስትወለድ እንዲህ ሆኖ ነበር፣ እኛ ግን ዓይን ነው ብለን ጠበል ወሰድነው» አሉኝ። እኔም ጠበል ሄጃለሁ፣ አሁንም እሄዳለሁ፣ ጠበሉና ሐኪሙ አልተጣሉብኝም። ጫቱን በአንድ ጊዜ አልተውኩትም፣ መጀመሪያ የሥራ ቀኑን፣ ከዚያ ቅዳሜንም። ማምሸቱን አቆምኩ። አለቃዬ አልወደደውም፣ በኋላ ለመደው።

እናቴን ደግሞ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት፤ «እማዬ፣ ያን ቃል ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትደግሚው።» ከፋት። ባለቤቴ ግን ማድ ቤት ሆና ሰምታለች።

ለሚስቶች አንድ ነገር ልበል። ባልሽ ከወሊድ በኋላ ሌላ ሰው ከሆነብሽ መልሱን ለብቻሽ አትፈልጊ። «ምን ሆነሃል?» ብለሽ ጠይቂው፤ «ምንም» ካለሽ ሌላ ቀን ድገሚው። ማስታመም ግን የአንቺ ሥራ አይደለም፣ አንቺም ገና አላገገምሽም። ወንድሙ፣ ጓደኛው፣ አባቱ፣ የንስሐ አባቱ ወይም ኡስታዙ ይምጣ። ለባሎችም፤ ራስህን ወይም ልጅህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ቀጠሮ አትጠብቅ። ልጁን ደህና ቦታ አስተኛው፣ ሰው ጥራ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ። ብቻህን አትሁን። እኔ ደጃፍ ላይ ብቻዬን የቀረሁት ምናልባት አሥር ደቂቃ ነው፣ ሰው ባይመጣ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ክትባት ስናስከትብ፣ በ6 ሳምንት፣ በ10፣ በ14፣ ሦስቱንም ጊዜ ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። የልጅቷ ክብደት ተመዘነ፣ ስለ እናትየዋ ጡት ተጠየቅኩ። አጠገባቸው ዓይኑ የደፈረሰ ሰው ተቀምጧል። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ሰዎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ለአባትየውም አንድ ጥያቄ ጨምሩ፣ ሌላ አልፈልግም።

ቅዳሜ ያን ባልደረባዬን ልጠይቅ ሄድኩ፣ ቆጪ ነው ቤቱ። አራሷን ጠየቅኩ፣ ሕፃኑን አየሁት፣ ገንፎ በላሁ። ስወጣ እሱ ጓሮ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ለሳምንት የሚበቃ ተፈልጦ ተከምሯል፣ እሱ ግን ይፈልጣል። «አንተስ እንዴት ነህ?» አልኩት። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። አልሄድኩም። ግንዱ ላይ ተቀመጥኩና የእኔን ነገርኩት፣ ወለሉን ሁሉ። መጥረቢያውን ሳይለቅ ያዳምጠኛል። ስጨርስ «እስከ ስንት ሰዓት ነው የተሰጠህ ፈቃድ ከቤት?» ብሎ ጠየቀኝ። «እስክታወራ» አልኩት። መጥረቢያውን አስቀመጠ። ማታ ስመለስ ለባለቤቴ «ሰኞ አብሬው ልሄድ ነው» አልኳት፣ የት እንደሆነ አልጠየቀችኝም።